ለጆላ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ ሌላ ባለሀብት ከምትፈልጉ እኛን ባለድርሻ አድርጉን

ለ፦ ጆላ አመራርና ሠራተኞች፣ ፊንላንድ
ግልባጭ፦ ሴይልፊሽ ስልክ ለያዛችሁና ልትይዙ ለምታስቡ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የድርጅቱን ባለቤትነት ለተጠቃሚው ስለማካፈል

ጤና ይስጥልኝ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። እናንተ በማሽን አስተርጉማችሁ ታነቡታላችሁ። ግልባጩ የሚደርሳቸው ሰዎች ግን የእናንተን ታሪክ በአማርኛ የሚያገኙበት ቦታ እምብዛም የላቸውም። ስለዚህ የምታውቁትን መልሼ ስነግራችሁ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለግልባጩ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ወይ በጎግል አንድሮይድ ይሠራል ወይ አይፎን ነው። ከቻይና ውጭ የቀረው ሁሉ ቢደመር ቁጥር ውስጥ አይገባም። ጆላ ከዚያ ከማይቆጠረው ወገን ነው። ሴይልፊሽ የሚባል የራሱ የስልክ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ሥሩ ሊኑክስ የሚባለው ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል ሲስተም ነው። ነገሩ የተወለደው ኖኪያ ቤት ነው። ኖኪያ በፌብሩዋሪ 2011 ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማማና ወደ ዊንዶውስ ፎን ዞረ። በራሱ ቤት ሲሠራ የነበረውን ሚጎ የተባለ የስልክ ሲስተም ገፋው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤን9 በሚጎ የሚሠራ ስልክ ነበር፤ የያዙት ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያነሱት ዓይናቸው ይበራል። ሲስተሙን ከሠሩት መሐንዲሶች ጥቂቶቹ ወጥተው ጆላን መሠረቱ። ኖኪያ ለተሰናባቾች የሰጠው የመነሻ ድጋፍም አግዟቸዋል። በኖቬምበር 2013 የመጀመሪያው የጆላ ስልክ ሄልሲንኪ ውስጥ ናሪንካ አደባባይ ላይ ለሽያጭ ወጣ። ዋጋው 399 ዩሮ ነበር። ፊቱ ላይ ቁልፍ የለውም፤ ሁሉም ነገር ጣትን ከዳር በማንሸራተት ነው። አፕል የአይፎንን ቁልፍ መጣል የጀመረው በ2017 ነው። ይህችን ሳልናገር ባልፍ አላስችል ይለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የምጽፈው ስለ ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ባጠራችሁ ቁጥር ያደረጋችሁት አንድ ነገር ነው። ትልቅ ኪስ ያለው ሰው ፈለጋችሁ። በተገኘ ቁጥር ደግሞ የእሱ ጣጣ የእናንተ ጣጣ ሆነ።

የታብሌቱን ነገር እናንሳ፤ ሳይነሳ የሚያልፍ አይደለም። በኖቬምበር 2014 ታብሌት እንሠራለን ብላችሁ ኢንዲጎጎ በሚባል የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ ላይ ሕዝቡን ገንዘብ ጠየቃችሁ። የጠየቃችሁት 380 ሺህ ዶላር ነበር። እሱ በሰዓታት ውስጥ ሞላ። በመጨረሻ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2015፣ ስትጠብቁት የነበረው የባለሀብት ገንዘብ ሳይመጣ ቀረ። ከሠራተኛው ብዙውን ለጊዜው ከሥራ አስወጣችሁ። የዕዳ ማስተካከያ ጥያቄም ለፍርድ ቤት አቀረባችሁ። በዲሴምበር ሌላ ገንዘብ ተገኘና ከመዘጋት ተረፋችሁ። በጃንዋሪ 2016 ግን ታብሌቱ ለጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ እንደሚደርስ አሳወቃችሁ። ለቀሩት ግማሹ ገንዘብ አሁን፣ ግማሹ በኋላ ይመለሳል ተባለ። ያ «በኋላ» ለብዙዎች ዓመታት ወሰደ።

እኔ ታብሌቱን ካዘዙት መካከል አልነበርኩም፤ ስለዚህ በቂም አልናገርም። ግን ነገሩን ሳስበው፣ ከዚያ መከራ የወሰዳችሁት ትምህርት «ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ጣጣ አለው» የሚል ይመስላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሕዝቡ ያለውን በቀኑ ሰጥቷል። በቀኑ ያልሰጠው ባለሀብቱ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገድ ቀየራችሁ። ስልክ ከመሸጥ ይልቅ ሲስተሙን ለሌሎች ስልክ ሠሪዎችና ለመንግሥታት በፈቃድ መሸጥ ያዛችሁ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። በአሜሪካ ሲስተም ላይ ጥገኛ መሆን የማይፈልጉ ትልልቅ አገሮች አሉ፣ እነሱ ይገዙናል የሚል ነው። ሕንድ ውስጥ ኢንቴክስ በ2016 አኳ ፊሽ የሚባል ስልክ አወጣ። አንዴ ታየና ቀረ። የቻይናውም ከወሬ ብዙ አላለፈም። የጸናው ሩሲያ ብቻ ነው።

ሮስቴሌኮም የሩሲያ መንግሥት እጅ ያለበት የቴሌኮም ድርጅት ነው። በ2018 እናንተ ቤት ውስጥ ድርሻ ያዘ። የሴይልፊሽ የሩሲያ ቅጂ በ2019 አውሮራ የሚል ስም ወጣለት። መቼም ገንዘብ ነውና ሠራ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ትርፍ ማሳየቱን በደስታ ተናገራችሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት በኋላ ትርፍ! እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ትልቁን ባለድርሻ ማባረር አትችሉም፤ አብሮ መታየትም አይቻልም። የአውሮፓ ደንበኛ ውል ሊፈርም ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀው የባለድርሻ ስም ዝርዝር ነው። ነገሩ በ2023 እዚህ ታምፔሬ ባለው የፒርካንማ ፍርድ ቤት በኩል ሄዶ ሄዶ፣ በዓመቱ መጨረሻ የቀድሞ አመራሮች ያቋቋሙት አዲስ ድርጅት ሥራውንም ሠራተኛውንም ገዛው። ተረፋችሁ። በእውነቱ ከዚህ የተረፈ ድርጅት ብዙ አላውቅም። ቆብ አነሳለሁ።

ግን የተረፋችሁት ለሌላ ባለሀብት ከሆነ፣ ሌላ ውድቀት ከወዲሁ መጠበቅ ነው።

የሌሎቹም ዕጣ ያው ነው። የፋየርፎክስ ብሮውዘር ሠሪው ሞዚላ፣ ፋየርፎክስ ኦኤስ የተባለውን የስልክ ሲስተም በ2013 ገበያ ላይ አዋለ። በ2015 ኦሬንጅ ክሊፍ የሚባል የ40 ዶላር ስልክ ይዞ ወደ አፍሪካ አገሮች ገባ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞዚላ የስማርትፎን ሥራውን አቆምኩ አለ። ገዢው ገና ስልኩን ሳይለምደው። ካይኦኤስ ከዚያው ኮድ ላይ ተነሥቶ በርካሽ ባለቁልፍ ስልኮች ብዙ ርቀት ሄደ፤ በ2018 ጎግል ራሱ 22 ሚሊዮን ዶላር አስገባለት። በ2024 ዋትስአፕ ከመደብሩ ሲወጣ የስልኩ ግማሽ ጥቅም አብሮ ወጣ። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም የሚሠራው ካኖኒካል በ2013 ለኡቡንቱ ኤጅ ስልክ 32 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ወደ 12.8 ሚሊዮን ያህል ተገባለት፤ ስላልሞላ ሁሉም ተመለሰ። በ2017 ደግሞ የስልኩን ሥራ ጭራሽ ተወው።

እዚህ ላይ ነው ትኩረት የምፈልገው። ካኖኒካል የተወው የስልክ ሲስተም፣ ኡቡንቱ ተች፣ አልሞተም። ዩቢፖርትስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አንሥቶት በትንንሽ መዋጮ እስከ ዛሬ ያኖረዋል። ቀርፋፋ ነው፣ ጉድለቱ ብዙ ነው። ግን ማንም ባለሀብት ተነሥቶ ሊዘጋው አይችልም።

እኛ አገር እድር የሚባል ነገር አለ። የአንድ ሰፈር ሰዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑም ወንበሩም ገንዘቡም ይደርስለታል። እድርን የሚያቆመው የሀብታም ስጦታ አይደለም፤ ሀብታሙም ድሀውም እኩል ይከፍላል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ያነባል። ካላነበበ ይነሣል። በዚህ መንገድ መንግሥት ሲለዋወጥ እድር አልፈረሰም። የእናንተ ሲስተም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ገንዘብ ነው፤ ትንሽ፣ በየወሩ የሚገባ፣ የአንድ ሰው ያልሆነ።

ይህን ለመማር አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልጋችሁም። ቤታችሁ አጠገብ ያለው ትልቁ መደብር፣ ፕሪስማ፣ የማን ነው? የደንበኞቹ። ባለቤቱ ኤስ ግሩፕ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ነው፤ 5 ሚሊዮን ተኩል ሰው በሚኖርበት አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ አባል አለው። እኔ ራሴ እዚህ አገር ከመኖሪያ ፈቃድ ቀጥሎ ኪሴ የገባው ካርድ የእነሱ አረንጓዴ ካርድ ነው። ወተት ለሚገዛ ሰው ድርሻ የሚሰጥ አገር ውስጥ እየኖራችሁ፣ ስልካችሁን አምኖ ለሚይዝ ሰው ድርሻ መስጠት ለምን ከበዳችሁ?

ደግሞ ሰው እንዳላችሁ አሳይታችኋል። በዲሴምበር 2025 አዲስ ስልክ ለመሥራት 99 ዩሮ ቀብድ የሚከፍሉ 2,000 ሰዎች እንፈልጋለን አላችሁ። ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 4 ነበር። በጥቂት ቀናት ሞላ። ከታብሌቱ ታሪክ በኋላ! ለእኔ ይህ ከባለሀብት ፊርማ ይበልጣል። ነገር ግን ቀብድ የከፈለ ሰው ደንበኛ ነው። ስልኩ ሲዘገይ ገንዘቤን መልሱ ይላል፤ መብቱ ነው። ያንኑ 99 ዩሮ የአባልነት ድርሻ ብታደርጉት ኖሮ፣ ሲዘገይ «ስብሰባ ጥሩና ምክንያቱን አስረዱን» ይላል። ለእናንተ የሚሻላችሁ ሁለተኛው ሰው ነው።

ወርሃዊ ክፍያውንም ጀምራችሁታል። ከቱርክ አገሩ ስልክ ሠሪ ሪደር ጋር በ2024 ያወጣችሁት ጆላ ሲ2 ስልክ ላይ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በወር 5 ዩሮ ገደማ ይከፈላል። የማይወዱት አሉ። «ስልኩን ገዝቼ ደግሞ ለሲስተሙ በየወሩ ልክፈል?» ይላሉ። እኔ ግን እስካሁን ካደረጋችሁት ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው ባይ ነኝ። አንድሮይድ ነጻ የሚመስለው ሌላ ቦታ ስለሚያስከፍለን ነው፤ ጎግል ኑሮው ማስታወቂያ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚከፍለው ሰው ድምፅ የለውም።

እስቲ በግርድፉ እናስላው። 10 ሺህ አባል በወር 5 ዩሮ ቢከፍል በዓመት 600 ሺህ ዩሮ ነው። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ጥሩ መሐንዲስ ከጡረታና ከሌላው መዋጮ ጋር አሠሪውን በዓመት 70 ሺህ ዩሮ ያስወጣል ብንል፣ ስምንት ሰው ነው። ስምንት ሰው ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይሠራም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ስምንቱ ምን ይሥሩ የሚለውን መምረጥ ግድ ይሆናል። እኔ ባለድርሻ ብሆን እጄን የማወጣው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጥሪ። ስልክ መደወል አለበት፤ ቀልድ ይመስላል እንጂ ለትንንሽ ሲስተሞች ትልቁ ፈተና ይሄ ሆኗል። እዚህ የ3ጂ ኔትወርክ ተዘግቷል። በ4ጂ መደወል ቮልቲኢ የሚባለውን ይፈልጋል። ቮልቲኢ ደግሞ ለየቴሌኮሙ፣ ለየስልኩ ሞዴል ተፈትኖ የሚስተካከል ነገር ነው። ካልሠራ ስልኩ ወደ አሮጌው 2ጂ ይወርዳል፣ 2ጂ በሌለበት አገር ደግሞ ጭራሽ አይደውልም። ይህ በፈቃደኛ ትርፍ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ይፈልጋል።

ቀጥሎ ብሮውዘሩ። የሴይልፊሽ ብሮውዘር ሞተር የሞዚላው ጌኮ ነው። ከሞዚላ እትሞች በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከ78ኛው እትም ወደ 91ኛው እንዲሻገር አንድ የማኅበረሰቡ አባል በትርፍ ጊዜው ከ2023 እስከ 2024፣ ቀን በቀን ማስታወሻ እየጻፈ ሠራው። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። አንብቤዋለሁ፤ እንደ ልብ ወለድ ነው የሚነበበው። ግን የሚያሳፍርም ነው። ባንክ የምንገባበት፣ ግብር የምንከፍልበት ብሮውዘር በአንድ ሰው የማታ ትርፍ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ሦስተኛው የአንድሮይድ አፕ ማስኬጃው ነው። እኔንና የአገሬን ልጆች የሚነካን ይህ ነው። እኛ ስልክ የምንይዘው በአብዛኛው ቤተሰብ ለማግኘት ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ። ለቴሌግራም ደጋፊዎቻችሁ የሠሩት ፌርንሽራይበር የሚባል የራሳችሁ አፕ አለ። የቴሌግራም በር ለሌሎች አፕ ሠሪዎች ክፍት ስለሆነ ነው። ዋትስአፕና ኢሞ ግን ያለ አንድሮይድ ማስኬጃው አይታሰቡም። እናቴን በቪዲዮ የማላገኝበት ስልክ ምንም ያህል ነጻ ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ይህን ክፍል ለመኪናና ለሌሎች የሊኑክስ መሣሪያዎች የምታቀርቡትን ሥራ ቀጥሉበት። እሱ የሚያመጣው ገንዘብ ከሌላ ኪስ ስለሆነ ለእኛም ይጠቅማል።

በተቃራኒው፣ በ2024 ያወጣችሁት ማይንድ2 የተባለው የኤአይ ሳጥን ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም። ዘመኑ ኤአይ ስላለ ይሆናል። ስምንት ሰው ያለው ቤት ዘመን መከተል አይችልም።

ባንኮችን በተመለከተ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አንዱ ባንኬ አፑን ስከፍት «ይህ ስልክ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያባርረኛል። ስልኩ ምንም አልሆነም። አፑ የሚጠይቀው ጎግልን ነው፤ ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባል አገልግሎት «ይህን ስልክ ታውቀዋለህ?» ይለዋል። ጎግል አላውቀውም ካለ በቃ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ ከማርች 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ላይ እየሠራ ነው። የአፕ መደብሩን በር በትንሹም ቢሆን ከፍቷል። ይህችን የይለፍ ጥያቄ ግን በደንብ አልነካትም። አንድ ትንሽ ድርጅት ብራስልስ ሄዶ ቢጮኽ የሚሰማው የለም። 10 ሺህ ባለድርሻ ያለው ማኅበር፣ አባሎቹም በየአገሩ መራጮች የሆኑ፣ ደብዳቤው ቢያንስ ይከፈታል። ከገንዘቡ ሌላ ባለድርሻ የሚያመጣው ጥቅም ይሄ ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። ጎግል በኦገስት 2025፣ ማንነቱን ለእሱ ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ በተመሰከረላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን አደርጋለሁ ብሎ አስታውቋል፤ በ2026 በአራት አገሮች ይጀመራል ተብሎ። ይህን ሲሰሙ ሌላ ስልክ መፈለግ የጀመሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ወደ እናንተ ይመጣሉ። ሲመጡ የሚጠይቁት ስለ ካሜራው አይደለም። «ነገ ትኖራላችሁ ወይ?» ነው የሚሉት። እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የነበራችሁ መልስ አዲስ የተገኘ ባለሀብት ስም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

በየዓመቱ ሒሳባችሁን በቀላል ቋንቋ አንብቡልን። ስንት ሰው ወርሃዊ ይከፍላል፣ ስንት ይገባል፣ ለምን ይወጣል። ለመንግሥት መዝገብ የምታስገቡትን የሒሳብ ቋንቋ አይደለም የምለው፤ ተራ ሰው የሚያነበውን።

ለተጠቃሚዎች የድርሻ ማኅበር ክፈቱና ከድርጅቱ ላይ የሚቆጠር ድርሻ ስጡት። መጀመሪያ ትንሽ ይሁን። ግን በቦርዱ ላይ አንድ ወንበር ይኑረው። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ነጠላ ባለሀብት ደግሞ ሊያልፈው የማይችል ጣራ በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ይጻፍ። ጣራው ስንት እንደሚሆን እንነጋገርበት፤ እኔ 10 በመቶ እላለሁ።

ስለ ኮዱም አንድ ነገር። የሴይልፊሽን መልክ የሚሠራው ሲሊካና የአንድሮይድ ማስኬጃው ለረጅም ዓመታት ዝግ ሆነው ቆይተዋል። ምክንያታችሁ ይገባኛል፤ ዘግታችሁ ካልያዛችሁት የምትሸጡት ነገር የለም። እሺ፣ ዝግ ይሁን። ግን ድርጅቱ ከከሰረ ወይም ሥራውን ካቆመ ኮዱ በዚያው ቀን ለሁሉም እንዲከፈት ከአሁኑ በውል እሰሩት። ሊብሀይብሪስን የመሰለ፣ የስልክን ዕቃ በሚያንቀሳቅሰው የአንድሮይድ ኮድ (ድራይቨር) ላይ ሊኑክስን ማሠራት የሚያስችል መሣሪያ ከእናንተ ቤት ወጥቶ ኡቡንቱ ተችንም አቁሟል። ያን ጊዜ በመክፈታችሁ አንድ ሳንቲም የጎደለባችሁ አይመስለኝም።

አዲሱ ስልክ ለቀብድ ከፋዮቹ ከመላኩ በፊት የድርሻውን ነገር ብታሳውቁ ደስ ይለኛል። ሳጥኑ ውስጥ ከቻርጀር ገመዱ ጋር የአባልነት ፎርም ማስገባት ይቻላል፤ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ሐሳቡ አይሠራም የምትሉ ከሆነም ለምን እንደማይሠራ ጻፉልን። በፊንላንድኛም ይሁን በእንግሊዝኛ እናነባለን፤ ለግልባጩ አንባቢዎች እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሴይልፊሽ ተጠቃሚ
ታምፔሬ